ከመጠጥ ሱስ ለመውጣት የመደጋገፊያ ጉባኤን ስለ መፈለግና ስለ መሳተፍ

በደብሩ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የምሥረታ በዓል ሲከበር ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ቦታው እንዴት እንደ ተገኘ፣ ታቦቱ እንዴት እንደ ገባ፣ ማን ምን እንዳበረከተ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ደብር ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ስላልሆነ፣ በየቤቱ ጓዳ ተሸፍኖ ስለሚኖር አንድ ችግር በዚህ ቀን መናገር የበዓሉን ደስታ አያጎድለውም። ችግሩ የመጠጥ ሱስ ነው። የንግግሩ ዓላማ ጠጪን ማውገዝ አይደለም፤ ውግዘቱንማ ሱሰኛው ራሱ በየማለዳው በራሱ ላይ ሲያነበው ይኖራል። ዓላማው በሜልበርን ከተማ የሚኖር ሰው ከዚህ ሱስ መውጣት ሲፈልግ ወዴት እንደሚሄድ፣ እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው፣ ቤተሰቡና ቤተ ክርስቲያኑም ምን ሊያደርጉለት እንደሚችሉ ማመልከት ነው።

ነገሩ መልክ እንዲኖረው አንድ ሰው በዓይነ ልቡና ይታይ። ይህ ሰው በዚህ አዳራሽ ያለ የማንም ታሪክ አይደለም፤ ከብዙ ቤቶች የተውጣጣ ምሳሌ ነው፤ ስም ያልተሰጠውም ስለዚህ ነው። ወደ አውስትራልያ ከመጣ ዓመታት አልፈውታል። ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ቀን ይተኛል። በአገሩ ሳለ መጠጥን የሚያውቀው በሰው መካከል ነበር። ጠላውም ጠጁም ሰው ሲሰበሰብ ይቀዳል፣ ሰው ሲበተን ይከደናል፤ አንድ ሰው ልኩን ሲያልፍ «በቃህ» የሚል ሽማግሌ ከጎኑ አይጠፋም። እዚህ ግን ሽማግሌውም ጎረቤቱም የሉም፤ የቀረው ጠርሙሱ ብቻ ነው። ከሥራ መልስ እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ የተጀመረው አንድ ብርጭቆ በጊዜ ብዛት የጠርሙሱን ግማሽ አከለ። በአንዳንድ የሜልበርን ወረዳዎች ለጠርሙስ ብቻ የተለየ ባለ ሐምራዊ ክዳን የቆሻሻ መጣያ አለ። ሰውየው ጠርሙሱን እዚያ ሲጥል ድምፁ እንዳይሰማ በጋዜጣ ይጠቀልለዋል። ባለቤቱ ግን ትሰማለች፤ ልጁም ይሰማል።

የሚያስፈራው ነገር ብዙ ነው። በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሙሉ መንጃ ፈቃድ ያለው ተራ አሽከርካሪ በደሙ ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን ከ0.05 በታች መሆን ሲኖርበት፣ የታክሲና የአውቶቡስ ነጂ ግን ዜሮ መሆን አለበት። ማታ የተጠጣው መጠጥ ንጋት ላይ ከደም ሳይወጣ ቢገኝ መንጃ ፈቃዱ ይሄዳል፤ ፈቃዱ ሲመለስም ትንፋሹን ሳይነፋ ሞተር የማያስነሣ መሣሪያ በመኪናው ላይ ይገጠምበታል። ከመንጃ ፈቃዱ ጋር የቤት ኪራዩም፣ ለአገር ቤት የሚላከው ገንዘብም አብሮ ይሄዳል። ሰውየው ይህን ሁሉ ያውቃል። ማወቁ ግን አላቆመውም፤ ሱስ ከልማድ የሚለየው እዚህ ላይ ነውና።

ቤተ ክርስቲያን ወይንን ርኩስ ብላ አታውቅም። ጌታ በቃና ዘገሊላ በሰርግ ቤት ውኃውን ወይን አድርጓል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆድ ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል። ያው ሐዋርያ ግን የኤፌሶን ሰዎችን ከስካር ከልክሏል። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የኖኅ ታሪክ ነው፤ ሲጠቀስም አንድ ነገር ይዘነጋል። ኖኅ ሰክሮ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ሴምና ያፌት ልብስ ይዘው ወደ ኋላቸው እየሄዱ አባታቸውን ሸፈኑት። በብዙ ቤት ይህ «ዝም በሉ» ማለት ይመስላል። ሴምና ያፌት ግን ወደ ድንኳኑ ገብተዋል። በድንኳኑ ደጃፍ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው አልሸፈነም፤ አልፏል ብቻ።

ስለ ልክ አንድ ሁለት ቁጥር መናገር ይጠቅማል። በአውስትራልያ «አንድ መደበኛ መጠጥ» የሚባለው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአገሪቱ የጤና መመሪያ ጤናማ የሆነ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ10፣ በአንድ ቀንም ከ4 መደበኛ መጠጥ እንዳያልፍ ይመክራል፤ ለነፍሰ ጡርና ከ18 ዓመት በታች ላለ ግን ምንም አለመጠጣት ነው የተሻለው። አንድ ባለ 700 ሚሊ ሊትር የዊስኪ ጠርሙስ 22 ያህል መደበኛ መጠጥ ይይዛል፤ የሁለት ሳምንት ልክ አልፎ ማለት ነው። የቤት ጠጅና ጠላ ደግሞ ጥንካሬያቸው እንደ ጠማቂዋ እጅ ስለሚለያይ በብርጭቆ ቆጥሮ ልክን መጠበቅ አይቻልም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ መነገር አለበት። ከምዕራብ ሜልበርን ወደ መሀል ከተማ የሚሻገር ሁሉ የዌስት ጌት ድልድይን ያውቃል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1970 ድልድዩ ገና በመሠራት ላይ ሳለ አንድ ክፍሉ ወድቆ 35 ሰዎች ሞተዋል። ጎን ለጎን ሊጋጠሙ የነበሩት ሁለቱ ግማሾች በከፍታ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል አልተካከሉም ነበር። ከፍ ያለውን ጎን ዝቅ ለማድረግ እያንዳንዳቸው 8 ቶን የሚመዝኑ 10 የኮንክሪት ብሎኮች ተጫኑበት፤ ብረቱም ጎበጠ። ጉብጠቱን ለማቅናት ብሎኖቹ መፈታት ሲጀምሩ ክፍሉ በሙሉ ወረደ። በሱሰኛ ላይም እነዚህ ሁለት ስሕተቶች በዚሁ ቅደም ተከተል ይፈጸማሉ። መጀመሪያ ኀፍረት ይጫንበታል፤ ተሳዳቢው ሲበዛ ይጎብጣል። ቀጥሎ እርሱ ራሱ ወይም ቤተሰቡ «ከነገ ጀምሮ ጠብታ እንዳይቀመስ» ብለው ሁሉን በአንድ ቀን ይፈታሉ፤ ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው።

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ይመታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊይዘው፣ የሌለ ነገር ሊያይና ሊሰማ ይችላል። ይህ ሁኔታ ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ክፉ መንፈስ ነው ብሎ ወደ ጸበል ብቻ ቢሮጥ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት የሚጠራው 000 ነው። ጸበሉን የሚከለክል የለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ዘመን ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ያስተማሩት እዚህም ይሠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደጃፍ የቤተሰብ ሐኪም፣ በተለምዶ ጂፒ የሚባለው ነው። ሐኪሙ ማቆሙ በቤት ይሁን በሆስፒታል ይወስናል፣ ቫይታሚን ቢ 1 ያዛል፣ ካስፈለገም ናልትሬክሶን ወይም አካምፕሮሴት የተባሉትን ፍላጎት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ይጽፋል። ለሐኪም «ብዙ አልጠጣም» ብሎ መዋሸት እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ ሐኪሙ የሚያሰላው በተነገረው ልክ ነውና።

ከሐኪሙ በፊትም ቢሆን ስልክ አለ። ዳይሬክት ላይን የተባለው የቪክቶሪያ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ የምክር መስመር በቁጥር 1800 888 236 ሌሊትና ቀን በነጻ ይመልሳል፤ ደዋዩ ስሙን እንዲናገር አይገደድም፤ የሚደውለውም ሱሰኛው ብቻ ሳይሆን ሚስትም፣ ልጅም፣ ካህንም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው በቁጥር 131 450 የብሔራዊውን የአስተርጓሚ አገልግሎት ጠርቶ «አማርኛ» ቢል በአስተርጓሚ በኩል እንዲያገናኙት መጠየቅ ይችላል። በነገራችን ላይ ልጆችን ለዚህ ዓይነት ንግግር አስተርጓሚ ማድረግ ነውር ነው ቢባል ከባድ አይሆንም። የ12 ዓመት ልጅ አባቱ በቀን ስንት እንደሚጠጣ በራሱ አፍ ለባዕድ ሰው ሊናገር አይገባም።

ሐኪም ሰውነትን ካረጋጋ በኋላ የሚቀረው ረጅሙ መንገድ ነው፤ የመደጋገፊያ ጉባኤ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከነዚህ ሁሉ የታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤ ኤ የሚባለው ነው። አጀማመሩ ለካህናት ጆሮ የሚገባ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ ከኒው ዮርክ የመጣ ሰው በአሜሪካ ኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ በአንድ ሆቴል መግቢያ ላይ ቆሞ ነበር። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ የመጣበት ንግድ ከሽፏል፤ ከሆቴሉ መጠጥ ቤት የሰው ሳቅ ይሰማዋል። ወደዚያ እንዳይገባ በመግቢያው ላይ ከተለጠፈው የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር መርጦ ደወለ። ዋልተር ታንክስ የተባሉ ቄስ ስልኩን አነሡ፤ የማያውቁትን ሰው «ተሳስተሃል» ብለው አልዘጉበትም፤ ስሞች ሰጡት። ከስም ወደ ስም ሲሄድ ሔንሪዬታ ሳይበርሊንግ የተባለች ሴት ጋር ደረሰ፤ እርሷም ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር አገናኘችው። ዶክተሩ እንደ እርሱ የመጠጥ ሱሰኛ ነበር፤ 15 ደቂቃ ብቻ እቀመጣለሁ ብሎ መጥቶ ለሰዓታት አወራ። ሐኪሙ የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 ማኅበሩ የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ወደ አውስትራልያ በ1945 በሲድኒ ሲገባም ከመሥራቾቹ አንዱ ቶም ደንሊ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ፤ ከእርሳቸው ጋር አንድ የአእምሮ ሐኪምና አንድ የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ነበሩበት። ታንክስ ያደረጉት ስልክ ማንሣትና የሚያውቁትን ስም መስጠት ብቻ ነው። የዚህ ደብር ካህናት ስልክም ሌሊት ይጠራል።

ጉባኤውን ማግኘት ከባድ አይደለም። የኤ ኤ አውስትራልያ የስልክ ቁጥር 1300 222 222 ነው፤ በኢንተርኔት ገጹም ላይ ስብሰባዎቹ በሰፈርና በቀን ተዘርዝረዋል። ለዚህ ሕዝብ ዋናው ፍርሃት ግን ርቀት ሳይሆን ስም ነው። «አበሻ ቢያየኝስ?» ይላል ሰውየው። ለዚህ መልሱ ቀላል ነው፦ ፉትስክሬይ የሚኖር ሰው ፉትስክሬይ መሄድ የለበትም፤ ባቡር ተሳፍሮ ማንም ወደማያውቀው ሰፈር ይሂድ። ቤት ሆኖ በኢንተርኔት የሚሳተፍባቸው ስብሰባዎችም አሉ። ደግሞም እዚያ አበሻ ቢገጥመው ያ አበሻ የመጣው ለምን ይመስለዋል?

ስብሰባዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። «ክፍት» የሚባለው ማንም፣ ሚስትም ካህንም፣ ገብቶ የሚያዳምጠው ነው፤ «ዝግ» የሚባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ሰውየው በመጀመሪያው ምሽት ሲገባ የሚያየው የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበረሰብ አዳራሽ ነው፤ ሻይና ቡና በጠረጴዛ ላይ፣ ወንበሮች ተደርድረው። መዝገብ የለም፣ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም፣ ክፍያ የለም፤ ለአዳራሹ ኪራይ የሚሆን ሙዳይ ይዞራል፤ አዲስ ሰው ባይሰጥም የሚታዘበው የለም። ተናጋሪው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ይናገራል፣ ሱሰኛ መሆኑን ይናገራል፣ ከዚያ የደረሰበትን ይተርካል። ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ አይገሥጽም። ተራው የደረሰው አዲስ ሰው «ዛሬ ማዳመጥ እፈልጋለሁ» ቢል በቂ ነው። በአንድ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል። በአንደኛው ስብሰባ የሆነ ሰው ሳቀ፤ ሌላው አለቀሰ፤ ሰውየው በእንግሊዝኛ ከተነገረው ምናልባት ግማሹን ብቻ ሰማ። ይሁንና አንዲት አሮጊት አውስትራልያዊት ጠርሙሷን በጋዜጣ ትጠቀልል እንደ ነበር ስትናገር ሰማ።

አንድ ስብሰባ ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም። አንዱ ጉባኤ ባይስማማው ሌላ ይሞክር። ኤ ኤ ባይስማማውም ስማርት ሪከቨሪ የተባለው፣ ስለ እምነት ሳያነሣ በአስተሳሰብና በልማድ ለውጥ ላይ የሚሠራው ጉባኤ አለ። ከጊዜ በኋላም በመንገዱ የቀደመ አንድ ሰው አጋዥ ሆኖ እንዲቆምለት ይጠይቃል፤ ፍላጎቱ ሌሊት ሲነሣበት የሚደውለው ለዚያ ሰው ነው። ማገርሸትም ይኖራል። ያገረሸበት ሰው ወደዚያው ወንበር ሲመለስ «የት ከርመህ» የሚለው የለም።

ከምእመናን ዘንድ የሚነሣ አንድ እውነተኛ ጥያቄ አለ፦ ኦርቶዶክሳዊ ሰው እዚያ መሄድ ይችላልን? ኤ ኤ በ12 ደረጃዎቹ ስለ እግዚአብሔር ሲናገር እያንዳንዱ እንደሚረዳው ብሎ ያልፋል፤ ይህ አባባል ለነገረ መለኮት ተማሪ አይጥምም፤ መጥሞም አይኖርበትም። ነገር ግን ጉባኤው ሃይማኖት አያስተምርም፣ አያጠምቅም፣ ቤተ ክርስቲያንን አይተካም። ኦርቶዶክሳዊው የራሱን አምላክ ስም ይዞ ይገባል፣ ይዞ ይወጣል። ደረጃዎቹን ላየ ሰው ደግሞ ባዕድ አይሆኑበትም። አቅም ማጣትን ማመን፣ በደልን አንድ በአንድ መቁጠር፣ ለእግዚአብሔርና ለሰው መናዘዝ፣ የበደሉትን መካስ አለባቸው። ዘኬዎስም የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ልዩነቱ ኀጢአትን የመፍታት ሥልጣን ያለው በካህኑ እጅ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ማክሰኞ ማታ በጉባኤ የተናገረ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ መሄዱ አይቀርም። ከልምድ እንደሚታየው ግን በጉባኤው አፉን የፈታ ሰው ለንስሐ አባቱ መናገር ይቀለዋል።

ሌላም ፍርሃት አለ። መጠጥ ያቆመ ሰው ከቅዱስ ቁርባን ይርቃል፤ «ወይኑን ብቀምሰውስ?» እያለ። በዚህች ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለመሥዋዕት የሚቀርበው ወይን ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ እንጂ ከመሸታ ቤት የሚገዛ የጠርሙስ ወይን አይደለም። ይህን የማያውቅ ብዙ ነው። ሥጋት ያለበት የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ስለ ቤተሰቡም መናገር ያስፈልጋል። ሚስት ከባሏ ይልቅ ቀድማ ትደክማለች፤ ለአሠሪው «አሞታል» ብላ የምትደውለው እርሷ ናት፣ ለልጁ «ደክሞት ነው» የምትለው እርሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው አል አኖን የጠጪዎች ቤተሰቦች ጉባኤ ነው፤ በአውስትራልያ ቁጥሩ 1300 252 666 ነው። ባሏ ቢያቆምም ባያቆምም ልትሄድ ትችላለች። በቤት ውስጥ ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ግን ነገሩ የጉባኤ ጉዳይ አይደለም፤ የሚቀድመው የእርሷና የልጆቹ ደኅንነት ነው። ሴፍ ስቴፕስ የተባለው የቪክቶሪያ መስመር በ1800 015 188 ሌሊትና ቀን ይመልሳል፤ አደጋው ያን ጊዜውኑ ከሆነ 000። «ታገሺው» ብሎ መመለስ የሽማግሌነት ሥራ አይደለም።

ደብሩስ? በመጀመሪያ ጽዋን በሚመለከት። በማኅበርም ሆነ በዓመታዊ በዓል «ጽዋ አይመለስም» እያሉ ማስገደድ አለ፤ አስገዳጁ ፍቅሩን የገለጸ ይመስለዋል። መጠጥ ካቆመ ገና 40 ቀን ለሆነው ሰው ግን ያቺ አንዲት ኩባያ የ40 ቀን ድካም ናት። ብርዝና ቀሪቦ የአባቶችና የእናቶች መጠጥ ናቸው፤ ከጠላው ጎን ቢቀርቡና የሚጠጣቸው ሰው ምክንያት ባይጠየቅ ማኅበሩ ምንም አይጎድልበትም። ሁለተኛው ነገር አዳራሹ ነው። በኤ ኤ ልማድ ሁለትና ሦስት ሱሰኞች ለመዳን ከተሰበሰቡ ጉባኤ ናቸው። በአማርኛ የሚነጋገር እንዲህ ያለ ጉባኤ እንዲኖር ከተፈለገ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ወንበሮች፣ አንድ ጀበና፣ በሳምንት አንድ ምሽት፣ ከዋናው በር ሌላ መግቢያ፣ ስም የማይጽፍ ዘበኛ። የሰበካ ጉባኤው አባላት በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ ባይገኙ ይሻላል።

የአዳራሹ የሳምንት ሰሌዳ በቢሮው በር ላይ ተለጥፏል። ሰኞና ረቡዕ የልጆች የአማርኛ ትምህርት ነው፣ ዓርብ የመዝሙር ጥናት፣ ቅዳሜ ሰርግና ተዝካር። ማክሰኞ ማታ ባዶ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።